ሕመም አይሰማትም

ሎንሰስተን ሆስፒታል፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1988

ለውድ አክስቴ ቨርና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያንቺ ጉልበት፣ የባሌ የክላይቭ ወገብ፣ የዴልማ ምላስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከዊልቸሬና ከሆዴ ጋር ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ጀልባው ሐሙስ እንደሚሻገር እያወቅሁ ረቡዕ ልጽፍልሽ ቁጭ አልኩና ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ተናድጄ ከጻፍኩልሽ አንቺ ደግሞ ከእኔ ብሰሽ ተናደሽ የምትነቅዪውን ወፍ ሁሉ ታበላሺዋለሽ ብዬ ነው። ይኸኛውንም በንዴት ነው የምጽፈው፤ ግን ወረቀት አለቀብኝ።

«ሰውየው ምን አለሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልንገርሽ።

ስሙ ዶክተር ፕሬስኮት ነው፣ የማዋለጃ ክፍሉ አለቃ። ሲያናግረኝ ፊቴን ሳይሆን ፋይሌን ያያል።

«ትራክተሩ ከተገለበጠብሽ ስንት ጊዜ ሆነ?» አለኝ።

«ሦስት ዓመት።»

«ከደረትሽ በታች ምንም አይሰማሽም?»

«አይሰማኝም።»

«እንግዲያው ዕድለኛ ነሽ! እዚህ ኮሪደር ላይ የሚጮኹት ሴቶች ሁሉ ባንቺ ቦታ ቢሆኑ ደስታቸው ነበር» አለና ሳቀ። አብራው የነበረችው ነርስም እሱ ስለሳቀ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሜልበርን የጀርባ አጥንት ክፍል ተኝቼ የተማርኩትን በትዕግሥት አስረዳሁት። በትዕግሥት ስልሽ እመኚኝ። ሰውነቴ ከደረት በታች የሚደርስበትን ለእኔ አይነግረኝም እንጂ ለደም ሥሬ ይነግረዋል። የሽንት ቱቦዬ እንኳ ሲታጠፍ ራሴ ይፈነዳል፣ ፊቴ በላብ ይታጠባል፣ የደም ግፊቴ ጣራ ይነካል፤ ይህን አንቺም በዓይንሽ አይተሻል። ምጥ ከታጠፈ ቱቦ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የጀርባው ማደንዘዣ መርፌ ምጡ ገና ሲጀምር መሰጠት አለበት፤ ለሕመሙ ሳይሆን ከማሕፀን የሚሄደውን መልእክት መንገድ ላይ ለማስቀረት። ይህ ካልሆነ ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«እሳት ሳይነሳ እሳት አደጋ እንጥራ ነው የምትይኝ?» አለኝ።

«ሜልበርን ይደውሉና ይጠይቁ» ስለው፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ሳዋልድ ማንንም ጠይቄ አላውቅም» አለ። ፋይሌ ላይም የሆነ ነገር ጻፈ። ወረቀትን ከፊት ለፊት ሆኖ ፊደሉን ገልብጦ ማንበብ ሆስፒታል ተኝቼ የተማርኩት ሙያ ነው። «ሕመም አይሰማትም። ማደንዘዣ አያስፈልጋትም» ይላል። ከሥሩም አስምሮበታል።

«ሜልበርን በካርድ ጽፈው ሰጥተውኛል» ስለው «እስቲ አምጪው» አለኝ። አክስቴ፣ ካርዱ የታለ? ቢጫው ካርድ። ቦርሳዬን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። እንደ ደሴታችን ሴቶች ሁሉ በሠላሳ ስድስተኛው ሳምንት አውሮፕላን ላይ ስትጭኑኝ አምስት የሕፃን ሹራብ ከታችሁልኛል፤ ካርዱ ግን የለም። እባክሽ ፈልጊልኝ። ለክላይቭ አሁኑኑ አትንገሪው።

ልጅሽ ኮራሊ

ኬልፕ ደሴት፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1988

ለልጄ ለኮራሊ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለወረቀቱ ቅባት ይቅርታ፤ በአመድም በሳሙናም ታጥቤ አልለቅ ያለኝ የወፍ ዘይት ነው። ዘንድሮ የባሕር ወፎቹ ጫጩቶች ሰብተዋል፣ ወንዶቹ የሚሰኩባቸውን ዘንግ መሸከም እስኪያቅታቸው። ደህና ነን። ጉልበቴን አትጠይቂኝ።

ካርዱ አልጠፋም። የት እንዳለ ደብዳቤሽን ሳነብ ቀና ብዬ አየሁት። ላባ መንቀያው ጎጆ ውስጥ፣ ካንቺ ወንበር አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ ተመትቶ ተቀምጧል። ሚስማሩን የመታሁት እኔው ነኝ። ባለፈው ዓመት ወፍ እየነቀልሽ ሳለ ላብ አጥምቆሽ ራስሽን ይዘሽ የጮኽሽ ዕለት፣ ዴልማ ካርዱን ከቦርሳሽ አውጥታ እያነበበች ነበር ቱቦሽን ያቃናችው። በማግሥቱ «ይህ ሁሉም የሚያየው ቦታ ይሁን» ብዬ ሰቀልኩት። ስትሄጂ ግን ከምሰሶው ማውረዱ ትዝ አላለኝም። ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው ካርድ ምን ይሠራለታል፣ እነሱ ያውቃሉ አልኩ። ካርድ የሚያስፈልገው ለእኛ ላልተማርነው መሰለኝ። ሞኝነቴን ተመልከቺ!

ይኸው ነው ያንገበገበኝ። እዚህ ጎጆ ውስጥ ላባ የሚነቅለው ሰው ሁሉ ያችን ካርድ በቃሉ ያውቃታል። ዴልማ ወፍ እየነቀለች እንደ ዘፈን ነው የምትላት። «ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት። የሚያጠብቃትን ልብስ ፍቱ። ቱቦውን እዩ። የደም ግፊቷን ለኩ። በምጥ ጊዜ የጀርባ ማደንዘዣ ቶሎ ይሰጣት። አትዘግዩ።» ክንዷ ድረስ ዘይት የነካት ዴልማ የምታውቀውን ያ በነጭ ጋዋን የሚንጎራደደው ሰውዬ አያውቅም? ላለማወቁስ ግድ የለኝም፤ ሰው ሁሉን አያውቅም። አልጠይቅም ማለቱ ነው ደሜን ያፈላው። ዕድለኛ አለሽ? ምላሱን!

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔም ብዬሻለሁ። በገና ሰሞን እርጉዝ መሆንሽን የነገርሽን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ፊት «ታድለሽ፣ ሳይሰማሽ ልትወልጂ ነው» ብዬ አስቄብሻለሁ። አንቺም ከኛ ጋር ሳቅሽ። ያን ጊዜ ያልመለስሽልኝን ስድብ አሁን ጻፊልኝ፤ ይገባኛል።

ለክላይቭ አልነገርኩትም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ጫጩት ሊያወጣ እጁን ጉድጓድ ሲከት ሁለት ጊዜ እባብ ገጥሞታል። ጉድጓዱ ቀዝቀዝ ሲል እባብ አለ ብሎ እጁን መመለስ ያለበት ሰው ሐሳቡ ሎንሰስተን መሆን የለበትም።

ካርዱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሚስማሩ ጫፏን ቀዷታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። የምዕራቡ ነፋስ ከበረደ ጀልባው ነገ ይሻገራል።

አክስትሽ ቨርና

ሎንሰስተን፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1988

ለውድ አክስቴ፣

ካርዷ ደርሳኛለች፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለገናው ቀልድሽ ስድብ አልጽፍልሽም። የዚያን ዕለት የሳቅሁት ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው፤ አንቺም የሳቅሽው ደስ ብሎሽ ነው። እሱ ግን የሳቀው ላለመስማት ነው።

«ካርዱን ሲያይ ፊቱ ምን መሰለ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዛትና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

«ወፍ» አልኩት።

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና እጁን ሊታጠብ ሄደ። አላነበባትም። አክስቴ፣ እኔ በዚያ ሽታ ነው ያደግሁት፤ ጸጉሬ፣ ትራሴ፣ የትምህርት ቤት ደብተሬ ሁሉ እንዲያ ይሸት ነበር፤ አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። የዚያን ዕለት ግን ለሽታው ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ራሴን የታዘብኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ሊመረምረኝ እግሬን ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለ። ብዙም አልቆየ፤ ከጆሮዬ ጀርባ ጀምሮ መጣብኝ። ራሴ ተመታ፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «አንሱኝ፣ ቀና አድርጉኝ!» አልኩ። «ተረጋጊ፣ አሁን እጨርሳለሁ» ይለኛል። ሲስተር ማቪስ የምትባል አዋላጅ ነርስ፣ ያች መጀመሪያ ቀን የሳቀችው፣ ፊቴን አይታ እሱን ሳታስፈቅድ አነሳችኝ። ግፊቴን ለካችና ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ሁለት መቶ አልፏል። ቁጭ ስል ወረደ። ፋይሌ ላይ ምን እንደጻፈ ታውቂያለሽ? «ትፈራለች።»

አሁን ደግሞ ደህናውን ስሚ። ማቪስ የማደንዘዣ ሐኪሟን ጠራችልኝ፤ ዶክተር ታራንት ትባላለች፣ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ካርዷን በሁለቱም በኩል አነበበች። «ስለዚህ በመጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼ አላውቅም። አላውቅም ብዬ ደግሞ አልቀመጥም» አለችና እዚያው እፊቴ ሜልበርን ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ «ልክ ነሽ። ምጡ እንደጀመረ ጥሩኝ፣ መርፌውን እኔ እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ካርዷንም ኪሷ ከተተቻት። ሽታው ይጣበቅብኝ ይሆን አላለችም።

ችግሩ፣ ፕሬስኮት ይህን ሲሰማ «በእኔ ክፍል ያለ እኔ ትእዛዝ ማንም ሴት ጀርባ ላይ መርፌ አይገባም» ብሏል። እሷ ከሥሩ ያለች ጀማሪ ናት። ስለዚህ አሁን ሁለት ትእዛዝ ፋይሌ ላይ አለ፤ የትኛውን እንደሚያነቡ የሚለየው ምጡ የመጣ ቀን ነው።

ፋይሉን ገልብጬ ሳነብ ሌላም ነገር አየሁ። «እናት፦ የሚጥል በሽታ፤ በወሊድ ላይ ሞተች» ይላል። አንቺ ትኩሳት ነው የገደላት ያልሽኝ። አልተቆጣሁሽም፣ ወይም ተቆጥቼ ከሆነ ገና አልለየልኝም። ብቻ እውነቱን ጻፊልኝ።

ኮራሊ

ኬልፕ ደሴት፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1988

ልጄ፣

ሰላምታ ረጅም ሊሆንልኝ አልቻለም። ይቅርታም በደብዳቤ የሚበቃ አይደለም። የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስልሽ።

እናትሽ ሎሬታ ከልጅነቷ ጀምሮ ይጥላት ነበር፤ ኪኒን ስትወስድ ደህና ናት። አንቺን ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ «ምጥ ላይ ያለች ሴት በአፏ ምንም አይገባም» ብለው ኪኒኑን ከለከሏት። «ኪኒኔን፣ ኪኒኔን» እያለች ለመነቻቸው። ምጡ ሲበረታባት ማስታገሻ ጠየቀች። «የሚጥላት ሴት ጀርባ ላይ መርፌ አንሰካም፤ ደግሞስ ሲጥላት ትረሳው የለም» አሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከበሩ ውጭ ቆሜ። ከዚያ ጣላት። ደጋግሞ ጣላት። አንቺን አወጡሽ፣ እሷን ግን አልመለሷትም።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኪኒኑ በቦርሳዬ ነበር፣ ኮራሊ። ቦርሳውን በእጄ ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ሰው «ቁጭ በይ» አለኝና ቁጭ አልኩ። ትኩሳት ነው ያልኩሽ እነሱን ልሸፍንላቸው አይደለም፤ ቁጭ ማለቴን ልሸፍን ነው።

አሁን ለክላይቭ ነግሬዋለሁ። ዘንጉን ጥሎ ሄዶ ጀልባው አጠገብ ቆሟል፤ ነፋሱን እየተሳደበ ነው። ባሕሩ እንደፈቀደ ይሻገራል።

አንቺ ግን እንዳትቀመጪ። በወንበርም ላይ ሆነሽ እንዳትቀመጪ፤ የምልሽ ይገባሻል። ጩኺ። ባለጌ ይበሉሽ።

ቨርና

ኬልፕ ደሴት፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1988

ኮራሊ፣

ሁለት ጀልባ መጣ፣ ደብዳቤ የለም። ክላይቭ በዓሣ አጥማጆቹ ሬዲዮ ያስነገረው መልእክት ደርሶኛል። «ሴት ልጅ። ሁለቱም በሕይወት አሉ።» ጎጆው በእልልታ ሊፈርስ ነበር፤ ዴልማማ ወፉን እንደያዘች ጨፈረች። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። «በሕይወት አሉ» ይባላል እንዴ? ሰው «ደህና ናቸው» ነው የሚለው። ባልሽ ቃል አይመርጥም፣ ከመረጠ ግን ምክንያት አለው። ምን ደብቃችሁኛል? እኔ ደብቄሽ ስለነበር ብድር እየመለስሽ ከሆነ ይብቃሽ። ሁለት መስመር ጻፊልኝ።

ቨርና

ሎንሰስተን፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1988

ለውድ አክስቴ ቨርና፣

እንደምን አለሽ? ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ዴልማ ስታየው የዶሮ ጭረት ትለዋለች፤ ልክ ነሽ በያት። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ እና በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም።

ልጅቷ ደህና ናት፤ ሙሉውን «ደህና» ነው የምልሽ። ሎሬታ ብለናታል። ጉሮሮዋ ያንቺ ነው፣ እጆቿ የክላይቭ።

ምጡ የመጣው ቁርስ ላይ ነው። ገንፎዬን እየበላሁ ሳለ ያው ከጆሮዬ ጀርባ ጀመረኝ። ሆዴ ምንም አልነገረኝም፤ ጭንቅላቴ ነገረኝ። «ምጥ ነው፣ ዶክተር ታራንትን ጥሩልኝ» አልኩ። ተረኛው ሐኪም ፋይሉን ከፈተ። ከሁለቱ ትእዛዝ የትኛውን እንዳነበበ ልንገርሽ? የተሰመረበትን። «ሕመም አይሰማትም ይላል እኮ። ለማንኛውም አለቃው ከቀዶ ጥገና እስኪወጡ እንጠብቅ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም፣ አክስቴ። ካርዷን ዴልማ እንደምትላት አድርጌ በቃሌ ጮህኩባቸው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡኝ! ቱቦውን እዩ! ግፊቴን ለኩ! አትዘግዩ! ኮሪደሩ ላይ የሚያምጡት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። አንዷማ በመጋረጃው በኩል «ኧረ የምትለውን አድርጉላት!» ብላ አብራኝ ጮኸች፤ እሷ ራሷ በምጥ መሐል ሆና። ፊቷን አላየሁትም። ተረኛው «ሌሎቹን ታስፈሪያለሽ» አለኝ። ማቪስ ነች በመጨረሻ እየሮጠች ሄዳ ታራንትን ከሌላ ሕንፃ ያመጣችው። ታራንት ማንንም አልጠየቀችም። መርፌውን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ራሴ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀስ እያለ ወረደ፤ ግፊቴ ተመለሰ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ሎሬታ ወጣች። ሁለት ትእዛዝ የሚያጣላው መርፌ ለመሰጠት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ከጠራሁበት እስከ መርፌው ግን ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ እያንዳንዷን ደቂቃ አይቻታለሁ። በዚያች ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ፈሰሰ። «ትንሽ ነው» ይላሉ። ቀኝ እጄን ወሰደብኝ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ጣቶቼ ጥቂት ይንቀሳቀሳሉ፤ ክረምቱ ሳያልቅ ሊሻለኝ ይችላል፣ ላይሻለኝም ይችላል። ክላይቭ «በሕይወት አሉ» ያለሽ ለዚህ ነው። እንዳትነግራት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አትቆጪው።

አክስቴ፣ ያ ትራክተር እግሬን ሲወስድ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? «እጄ አለኝ» ነበር ያልኩሽ። በሰዓት ካንቺ እኩል ወፍ የምነቅልበት እጅ። ትራክተሩን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ብረት ነው፣ አልነገርኩትም። እነዚህን ግን ነግሬአቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነግሬአቸዋለሁ!

የካርዷን ነገር ልጨርስልሽ። ታራንት ገልብጣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ፕሬስኮት አንሺው ብሏት ነበር፤ ማቪስና ሌሎቹ ነርሶች ወረቀቱ ሥር ቆመው እንቢ አሉ። ዋናዋን ካርድ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ቦታዋ ላይ ምቻት። ወንበሬን ግን ወደ ምሰሶው ግራ አዙሪልኝ፣ የሚመጣው ዓመት በግራ እጄ ነው የምለምደው። እየቀደድኩ ብዙ ወፍ አበላሽብሻለሁ፤ ቻይው።

ያንቺን ኮሪደር ነገር ብዙ አሰብኩበት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ቁጭ በይ ያለሽን ሰውዬ እንጂ አንቺን መቆጣት አልቻልኩም። እኔ የጮህኩት ደግሞ አንቺ ጩኺ ስላልሽኝ ነው፤ ደብዳቤሽ ትራሴ ሥር ነበር።

ከአራት ቀን በፊት ፕሬስኮት የመውጫ ወረቀቴን ይዞ መጣ። «ወሊዱ ያለ ችግር ተጠናቋል። የእጁ ድካም ከወሊዱ ጋር ግንኙነት የለውም። እናትየዋ ሕመም አልተሰማትም» ይላል። በዚህኛው ጊዜ መገልበጥ አላስፈለገኝም፤ ፊት ለፊቴ ነው ያስቀመጠው። «ፈርሚ» ብሎ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ።

ቀኝ እጄ አልቻለም። ግራው እምቢ አለ።

እስክሪብቶውን ግን ተቀበልኩት፤ እና ከሥሩ፣ እሱ በሚያሰምርበት ቦታ ላይ፣ «ራሴን አሞኝ ነበር። ተናግሬአለሁ» ብዬ በግራዬ ጻፍኩ። በግራ እጅ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ነው። እያንዳንዷ ፊደል ጊዜ ፈጀች፤ አንዴ ሰዓቱን ሲያይ «ይረጋጉ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አልኩት። ሃምሳ ደቂቃ አልሆነም እንጂ ቆሞ ጠብቆኛል።

ያንን ወረቀት አልፈረምኩም። ይኸኛውን ግን እፈርማለሁ።

ልጅሽ ኮራሊ